ትንሽ አሞታል

ጋምቤላ ውስጥ አደይ አበባ አይበቅልም። እዚህ የሚሠሩ የደጋ ሰዎች ግን አዲስ ዓመት በመጣ ቁጥር ሴት ልጆቻቸውን የሐበሻ ቀሚስ አልብሰው፣ ከባሮ ዳር የታጨደ ለምለም ሣር አስይዘው ቤት ለቤት ያዞሯቸዋል። እኔም በልጅነቴ ዞሬያለሁ፤ ቀሚሱ በላብ ጀርባዬ ላይ እየተጣበቀ፣ ትንኝ እግሬን እየበላኝ። ስለዚህ መስከረም አንድ ቀን ጠዋት እነዚያ ልጆች የጎረቤታችን ደጃፍ ላይ ጨፍረው ሲያበቁ የእኛን በር ዘለው ወደሚቀጥለው ቤት ሲሄዱ፣ ነገሩ የልጅ ዝንጋታ እንዳልሆነ ወዲያው ገባኝ። እናቴ የተቆረሰ ዳቦ በትሪ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር።

«አላዩኝም መሰለኝ» አለች።

አይተዋታል። አንዷማ እጇን ልታነሳላት ስትል ታላቋ ጎትታ ወሰደቻት።

የምሠራው ትየርኪዲ መጠለያ ጣቢያ ነው። የስደተኞቹን የመጠጥ ውሃ እመረምራለሁ። ውሃው ወይ ይጠጣል ወይ አይጠጣም፤ ሥራዬን የምወደውም ለዚህ ነው። ባሮ ሞልቶ የኢታንግን መንገድ ሳይቆርጠው ብዬ በጳጉሜ መጀመሪያ በመሥሪያ ቤት መኪና ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ያለው የእናቴ ቤት ገባሁ። ሰፈሩ ዝም ብሏል።

ኒውላንድ ዝም የሚል ሰፈር አይደለም። ከቤታችን ጀርባ ባለው አዳራሽ የወንጌላውያኑ መዘምራን ማታ ማታ ከበሮ ይደልቃሉ፤ ባጃጆች የደቡብ ሱዳን ሙዚቃ እስከ መጨረሻው ከፍተው ያልፋሉ። አሁን ከበሮው የለም። ልምምዱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛውሯል ተባለ። ባጃጆቹም እኛ በር ጋ ሲደርሱ ድምፁን ይቀንሳሉ። እናቴ «ሰዉ ሥርዓት ተማረ» ብላ ደስ አላት።

እናቴ አልማዜ ጡረታ የወጣች ነርስ ናት። ሰፈሩ አሁንም ሲስተር ነው የሚላት፤ ከወጣቶቹ ግማሾቹ የተወለዱት በእሷ እጅ ነው። ደም ግፊት አለባት። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ ራሷ ለሁሉም ስለምትናገር። በእነዚያ ቀናት ጎረቤቱ በተራ ይመጣል። ዶሮ ልግዛ ስትል እኛ እናመጣልሻለን ይሏታል። ሽንኩርት ልትልጥ ስትቀመጥ ቢላዋውን ከእጇ ይቀበሏታል። እሷ «ምን ሆናችሁ ነው፣ አራስ አደረጋችሁኝ እኮ» እያለች ትስቃለች።

የምታበስለው ለወንድሜ ለጥዑመልሳን ነበር። ጥዑሜ ተመርቆ ሥራ ቢያጣ ዲማ ወርዶ ወርቅ ቆፋሪ ሆኗል። ለአዲስ ዓመት እመጣለሁ ብሎ ነበር። ስልኩ አይሠራም፤ ግን የሚቆፍሩበት ቦታ ኔትዎርክ ስለሌለ ማናችንም አልደነገጥንም። ሰማያዊ ሸሚዝ ገዝታ፣ ተኩሳ፣ ወንበር ጀርባ ላይ ሰቅላለታለች። ያን ሸሚዝ እያየ የሚገባው የሚወጣው ጎረቤት ሁሉ ስለ ደም ግፊቷ፣ ስለ ኪኒኗ፣ ስለ እኔ ሥራ ይጠይቃል። ጥዑሜ መቼ ይመጣል ብሎ የጠየቀ ግን አንድ ሰው የለም። በሌላ ጊዜ ከሰላምታ ቀድሞ የሚጠየቀው እሱ ነበር።

ከጋሼ ረታ ጋርም ተገናኝቻለሁ። ጋሼ ረታ የቀድሞ ርዕሰ መምህሬ ነው፣ የእድራችን ሰብሳቢ ነው፣ የጥዑሜም የክርስትና አባት ነው። በደጁ ባለፍኩ ጊዜ የእድሩን ድንኳን አጥሩ ላይ አስጥቶ አየሁት። እያካፋ ነበር።

«በዝናብ ነው እንዴ የሚያሰጡት?» አልኩት።

ክረምቱ አሻግቶት ነው አለኝ፤ ቀጥሎም ወደ ሥራዬ መቼ እንደምመለስ ጠየቀኝ። መስከረም ሦስት ስለው እጄን ያዘና እረፍት ጨምሪ፣ እናትሽ ጋ ትንሽ ቆዪ አለኝ። እጄን ቶሎ አልለቀቀኝም።

ይህ ሁሉ ተለያይቶ ሲታይ ምንም አልነበረም። ልጆቹ በራችንን ሲዘሉ ነው አንድ ላይ የታሰረልኝ። እናቴን በሩ ላይ ትቼ ወደ ኛቶክ ሄድኩ።

ኛቶክ አብራኝ ያደገች የኑዌር ልጅ፣ ጎረቤቴ ናት። ደጃቸው ላይ ልብስ እያጠበች አገኘኋት። እኛ ቤት ምን እንደሆነ እንድትነግረኝ ጠየቅኳት። የያዘችውን አንሶላ መጭመቋን አላቆመችም።

«አልናገርም ብዬ ምያለሁ» አለች። «ሽማግሌዎቹ እናቴን አስማሏት፣ እናቴ ደግሞ እኔን።»

«ስለ ጥዑሜ ነው?»

አንሶላውን መልሳ ውሃው ውስጥ ጣለችው። «ሞቷል ይላሉ። ሶሊ፣ ይህ ነገራችሁ እኔ አይገባኝም። እኛ ቤት ቢሆን የተሰማ ቀን ትጮሂ ነበር፣ እኛም አብረን እንጮህ ነበር። እናንተ ለሞት ቀጠሮ ትሰጣላችሁ።»

«መቼ ነው ቀጠሮው?»

«ከበዓሉ በኋላ። መስከረም ሦስት፣ ጎህ ሳይቀድ።»

ለእናቴ በዓሏ እንዳይበላሽባት ነበር። ከበሮውና ባጃጁ ዝም ያሉት፣ ልጆቹም የዘለሉን ሐዘን ባለበት ቤት ስለማይጨፈር ነው። አንድ ሰፈር ሙሉ ሰው ወንድሜ መሞቱን እያወቀ ወጥ እያመላለሰ፣ እኔና እናቴ መሃል ላይ ተቀምጠን ሸሚዝ እንተኩሳለን። አላለቀስኩም። ያለቀስኩ ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ እግሬ ብቻ ወደ ጋሼ ረታ ቤት ወሰደኝ።

ጋሼ ረታ ከሁለት የእድሩ ሽማግሌዎች ጋር ገበታ ላይ ነበር። ሦስቱም ተነስተው እንኳን አደረሰሽ አሉኝ። ስለ ወንድሜ ማን እንደነገራቸው ጠየቅኩ። ጋሼ ረታ እጁን ታጠበ፣ በሩን አስዘጋ፣ ወንበር አመጣልኝ። አልተቀመጥኩም። እየደጋገመ ልጄ እያለ የነገረኝ ይህን ነው፤ በነሐሴ መጨረሻ አብኔር የሚባል የጥዑሜ የሥራ ጓደኛ ከዲማ ደውሎለታል። እናቱ እንዳትደነግጥ ለክርስትና አባቴ ደውል ብሎ ቁጥሩን የሰጠው ራሱ ጥዑሜ ነው ብሎታል። እሱም የዚያኑ ዕለት ሽማግሌዎቹን ሰብስቦ መርዶው ከበዓል በኋላ እንዲሆን፣ እኔም ከሥራ መጥቼ እናቴ አጠገብ እንድገኝ ተመካክረው ወስነዋል።

«አብኔር ያለውን ቃል በቃል ይንገሩኝ» አልኩት።

«ጥዑመልሳን ትንሽ አሞታል አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ከቤተሰብ አንድ ሰው ቢመጣ ጥሩ ነው አለኝ።»

«ሞቷል አላለዎትም?»

ጋሼ ረታ ክፍል ውስጥ ነውር እንደተናገርኩ አድርጎ አየኝ። «እንዴ ሶልያና፣ የሰው ሞት በስልክ ሞተ ተብሎ ይነገራል እንዴ?»

ሁለቱ ሽማግሌዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። አብኔር መልሶ ደውሎ ነበር ወይ ስለው ደውሏል አለኝ። ልጁ እየባሰበት ነው፣ ሰው ላኩ ብሎታል። ጋሼ ረታም የሰውዬውን ጨዋነት አድንቆ፣ ገብቶናል ልጄ፣ አትጨነቅ፣ ከበዓል በኋላ እንመጣለን ብሎ መልሶለታል።

«ጋሼ» አልኩት፣ «አሞትስ ቢሆን?»

«ማን?»

«ጥዑሜ። ዝም ብሎ አሞት ቢሆንስ?»

አንደኛው ሽማግሌ የያዘውን ጉርሻ ወደ ሳህኑ መለሰ። ሦስቱም የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ አንዱ ሒሳብ ያስተምር ነበር። ግን ታሟል ማለት ታሟል ማለት ሊሆን እንደሚችል ከነሐሴ ጀምሮ አንዳቸውም አላሰቡትም።

የጋሼ ረታን ስልክ ተቀብዬ ማንጎው ዛፍ ስር ቆሜ ደወልኩ። አይሠራም። ደግሜ ደወልኩ። ሦስቱ ሽማግሌዎች በረንዳው ላይ ተደርድረው ያዩኛል፤ የአንደኛው ሽማግሌ እጅ ላይ አሁንም ወጥ አለ። ከብዙ ሙከራ በኋላ ጠራ።

የጥዑመልሳን እህት ነኝ አልኩት አብኔርን።

«በዓሉ አለቀ?» አለኝ።

በሕይወት አለ ወይ አልኩት። ጠዋት ሾርባ አጠጥቼዋለሁ አለ። የጉድጓዱ ግድግዳ ተንዶ ግራ እግሩን ይዞታል፤ ስልኩም እዚያው ቀርቷል። ጤና ጣቢያው ገና በመጀመሪያው ቀን ወደ ሚዛን ሆስፒታል ሂድ ብሎት ነበር፤ ጥዑሜ ግን እናቴ ነርስ ናት፣ መጥታ ትየው፣ ሰዎቼ እየመጡ ነው ብሎ እምቢ አለ። መጀመሪያ ሲደውል ትንሽ ያለው በእርግጥም ትንሽ ስለነበረ ነው፤ ቁስሉ ያኔ ንጹሕ ነበር። አሁን ግን ይሸታል አለኝ። ማታ ማታ ይቃዣል።

«አሁኑኑ መኪና ላይ ጭነህ ወደ ሚዛን አምጣው። እዚያ እንገናኛለን።»

«እሺ አይለኝም እኮ። ሰዎቼ ይላል።»

«እሺ ይበል አላልኩህም። ጫነው።»

ስልኩን ስመልስ ጋሼ ረታ እያለቀሰ ነበር። ተመስገን፣ ተመስገን ይላል። ሽማግሌዎቹም ተቀበሉት። ከዚያ ለእናቴ ነገሩን በቀስታ እንዴት እንደሚያስረዷት እዚያው ቆመው መመካከር ጀመሩ። ከእናንተ አንድ ሰው አፉን እንዳይከፍት አልኳቸው። ለሽማግሌ እንዲህ ተናግሬ አላውቅም፤ አሁንም አልቆጨኝም።

እናቴ ቤት ገብታ የልጆቹን ዳቦ በፌስታል ልትጠቀልል ነበር። በአንድ ትንፋሽ ነገርኳት። «እማዬ፣ ጥዑሜ አሞታል። እግሩ ተጎድቷል፣ ግን በሕይወት አለ። ጓደኛውን አሁን በስልክ አነጋገርኩት። ወደ ሚዛን እየወሰዱት ነው፣ አብረን እንሂድ።»

አሞታል ከሚለው ቃል በኋላ ያልኩትን አልሰማችም። ትሪው ከእጇ ወደቀ። ራሷ በሥራ ዘመኗ ስንት ሰው በር ላይ ቆማ ይህንኑ ቃል እንደተናገረች የምታውቀው እሷ ናት።

«አንቺም እንደነሱ?» አለችኝ።

ማልኩላት። በእግዚአብሔር፣ በአባቴ አጽም ማልኩላት። ድምፁን አሰሚኝ አለች። ደወልኩ፤ የአብኔር ስልክ ጥሪ አይቀበልም። መንገድ ላይ ሆኖ ይሆናል፣ ኔትዎርክ የለም ስላት እያየችኝ ራሷን ትነቀንቃለች። ለካ ሁሉንም አይታ ነበር። ድንኳኑ ዝናብ ላይ መሰጣቱን አይታለች፣ ከበሮው መጥፋቱን አይታለች፣ ልጆቹ አውቀው እንደዘለሏት አይታለች። ላለመደመር ስትታገል የሰነበተችውን እኔ በአንድ ቃል ደመርኩላት። ሰማያዊውን ሸሚዝ ከወንበሩ አንስታ ደረቷ ላይ ያዘችና ጮኸች።

ሰፈሩ ይህን ጩኸት ለመስማት ከነሐሴ ጀምሮ ጆሮውን አቁሞ ነበር። መርዶው ቀደመ ብለው ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ጎረፉ። ድንኳኑ ቆመ፣ አግዳሚ ወንበሮቹ ተደረደሩ፣ የበዓሉ ወጥ ለለቀስተኛ ዋለ። አልሞተም እያልኩ ከአንዱ ወደ አንዱ ብሄድ ያቅፉኛል፣ ፊቴ ላይ ውሃ ይረጩብኛል። ጋሼ ረታ ራሱ መሃል ቆሞ ልጁ በሕይወት አለ፣ ስህተቱ የኔ ነው ቢል «ጋሼ ረታ እኮ ማጽናናት ያውቅበታል» አሉ።

ሻንጣዬን ይዤ ስወጣ የኛቶክ እናት ኛሙዎን በሩ ላይ አስቆመችኝ።

«በዓይንሽ አየሽው?» አለችኝ።

አላየሁም አልኳት።

«ስታዪው በእኔ ስልክ ደውዪ። እስከዚያ እኔ አላለቅስም፣ የአልማዜን ኪኒን እሰጣታለሁ።»

ከድንኳኑ ስር ካሉት ሰዎች ሁሉ ዓይኗ ደረቅ የነበረው የእሷ ብቻ ነው። ሰዎች ክፉ አድርገው አዩዋት።

በክረምት ከጋምቤላ በቀጥታ ወደ ዲማ አይኬድም፤ ሚዛንም ቢሆን በዙሪያ ነው የሚገባው። መንገዱ ሁሉ ሰው እንኳን አደረሰሽ ይለኛል። ሾፌሩ፣ ሻይ ያቀረበችልኝ ሴት፣ አጠገቤ ዶሮ አቅፎ የተቀመጠው ሰውዬ። እኔ የማስበው አንድ ነገር ነበር። የዚያ የነሐሴ ስልክ እናቴ ጆሮ ገብቶ ቢሆን በዚያው ሰዓት ፋሻዋንና መድኃኒቷን ይዛ መኪና ላይ ነበረች። ሕይወቷን ሙሉ የሰው ቁስል ስታጥብ የኖረችን ሴት ከገዛ ልጇ ቁስል የጠበቋት ስለሚወዷት ነው። በክፋት አድርገውት ቢሆን የምሰድበው ሰው ባገኘሁ።

ሆስፒታል ስደርስ ቀዶ ጥገናው አልቆ ነበር። ሐኪሙ እኔን የሚያክል ወጣት ነው። ሳይቀመጥ፣ ሳያስቀምጠኝ፣ የግራ እግሩን ቆርጠነዋል፣ ባንቆርጠው ይሞት ነበር፣ በሁለት ሳምንት ቀደም ብትሉ እግሩ ይተርፍ ነበር አለኝ። ከበዓሉ ወዲህ እንደ ሰው ያናገረኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። አመሰገንኩት።

ጥዑሜ ነቅቷል። ጉንጩ ሰርጉዷል፣ ጢሙ አድጓል። አብኔር አልጋው ስር ካርቶን ላይ ተኝቷል።

«በዓል እንዴት ነበር?» አለኝ ጥዑሜ።

«ዝም ያለ ነበር።»

«እማዬስ?»

«ለቅሶ ላይ ናት።»

«ማን ሞተ?»

«አንተ።»

ሳቀ። ሳቁ ቁስሉን ሲነዝረው አቆመ። የሆነውን ሁሉ ነገርኩት፤ አልቆራረጥኩለትም፣ አላለሰለስኩለትም።

«ከበዓል በኋላ እንመጣለን አሉ ሲለኝ፣ እማዬ እንዲህ አታደርግም ብዬ ከአብኔር ጋር ተጣላሁ» አለ። «በኋላ ደግሞ፣ ምናልባት ታደርጋለች አልኩ። አንድ ሳምንት እንደዚያ እያልኩ ተኛሁ።»

እግሩን ስለማጣቱ ምንም አላለም። ይህችን ነው ያለው። ጋሼ ረታ ይህችን እንዲሰማ ፈለግኩ፤ ድንኳን ሙሉ ሰው ይዞ እንዲሰማት።

የኛሙዎንን ቁጥር ደውዬ ስልኩን ለእናቴ እንድትሰጣት ነገርኳት። ከበስተጀርባ ለቅሶው ይሰማል። ስልኩን ለጥዑሜ ከማቀበሌ በፊት እጁን ያዝኩት።

«ትንሽ የሚል ቃል ከአፍህ እንዳይወጣ። ደህና ነኝም እንዳትል። የሆነውን ብቻ ንገራት።»

ጉሮሮውን ጠረገ። «እማዬ፣ እኔ ነኝ። ግራ እግሬ ተቆርጧል።»

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ስልኩን ከጆሮው አራቀው፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉት ታማሚዎች ሁሉ ዞረው አዩን። ከበስተጀርባ ለቅሶው ተቋረጠ፤ ሲስተር አልማዜ አበደች የሚል ድምፅ ሰማሁ። አላበደችም። ለሞተ ሰው እግሩ ተቆርጧል ብሎ የሚዋሽ እንደሌለ ስለምታውቅ ነው።

«ከጉልበት በላይ ነው በታች?» አለችው፣ ትንፋሿ ሳይመለስ።

«በታች።»

«ትኩሳት አለህ? ውሃ ትጠጣለህ? እህትህን ስጠኝ።»

ስልኩን ተቀበልኩ። እናቴ ታለቅስ ነበር፤ ድምፅዋ ግን የሥራ ድምፅዋ ነው። ነገ ሚዛን ትደርሳለች፤ እስከዚያ ከጉልበቱ ስር ትራስ እንዳይደረግ፣ ጉልበቱ እንደታጠፈ ይቀራል፣ ሰው ሠራሽ እግር አይቀበልለትም አለችኝ። አንሶላውን ገለጥኩ። አብኔር እንዳያመው ብሎ የገዛ ጃኬቱን ጠቅልሎ ጉልበቱ ስር አድርጎለታል። ጃኬቱን አወጣሁት። ጥዑሜ ጥርሱን ነከሰ።

ከዚያ ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ሲሄድ ተሰማኝ፤ ጋሼ ረታ መጣ። የሚያቃጥል ነገር ልለው ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን ቀደመኝ። እንኳን አደረሳችሁ ልጄ አለኝ፤ ቀጥሎም እግሩ እንዴት ነው ብሎ ሰው ቢጠይቀው ምን ብሎ ቢናገር እንደሚሻል ጠየቀኝ።

«ተቆርጧል ይበሉ» አልኩት።

«እሱስ ነው... ግን እንዲያው ለሰው ሲነገር፣ ትንሽ ተጎድቷል ብንል አይሻልም?»

ስልኩን ዘጋሁት።